ሹሩባና ሄልሜት

በመንደራችን እጄ ያልዳሰሰው የሴት ልጅ ራስ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ በርጩማ አወጣለሁ፤ ልጃገረዶቹ ይመጣሉ፤ አንዷን ጉልበቴ መሀል አስቀምጬ ሹሩባ እሠራታለሁ። አንዷ ገና ማበጠሪያው ሳይነካት ታለቅሳለች፤ ሌላዋ እንቅልፍ ይጥላትና አንገቷ ይዝልብኛል። «ቀና በይ እንጂ! ጭንቅላትሽን ለእኔ ነው እንዴ ያሸከምሽው?» እላታለሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል። ቁጡ ባልሆን ማን ቀጥ ብሎ ይቀመጥልኛል?

የሰው ራስ ግን እስካሁን እንዳስገረመኝ አለ። መጀመሪያ የገረመኝ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። ከስንት ዓመት ልመናና ስለት በኋላ የመጣች አንድ ልጅ ናት። እርግብግቢቷ ላይ ቅቤ ሳደርግላት ከጣቴ ሥር ትር ትር ይላል። ወይኔ! እጄን መልሼ እሰበስበው ነበር። እንዲህ ሳስቶ በተሠራ ነገር ውስጥ ሰው ተቀምጦ? ነገ መሳቋ፣ መቆጣቷ፣ እናቷን መለየቷ ሁሉ በዚህ ስስ ቆዳ ሥር ነው? አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ፍርሃቴን አይተው «አይዞሽ፣ ይገጥማል» አሉኝ። እውነትም ገጠመ። ጠጉር በቀለበት፤ እኔም ሹሩባ እየሠራሁበት ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ሳይክሉ ነው።

መንደራችን ከአርብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ረጅሙ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ናት። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ከተማው ውስጥ ሆነ። በእግር ሄዶ መመለሱ ቀኑን ይበላዋል፤ ስትመለስ ይመሽባታል። ሴት ልጅ ሲመሽባት ደግሞ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ «ይቅርባት» ይባላል። እኔን ራሴን ከስምንተኛ ያስቀረኝ ይኸው መንገድ ነው። ከተማ ቤት ተከራይታ ለብቻዋ ትቀመጥ ብል አባቷ ቢሞት አይሰማኝም። ጭንቀቴን ባሕር ዳር ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በስልክ ነገርኩት። ባሕር ዳር ሳይክል እንደኛ አገር አህያ ነው፤ የሌለው ሰው የለም። እሱም አንድ ቀን ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ አንድ ሳይክል አውርዶ እየገፋ መጣ። መሪው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ሄልሜት ተንጠልጥሏል።

«እታለም፣ ይኸው! ከእንግዲህ ልጅሽን መንገድ አያስቀራትም» አለኝ።

እልል ማለት አማረኝ። አባቷ ግን ፊቱ ጠቆረ። ባለፈው ክረምት በዚያው ቁልቁለት አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ከሞተር ወድቆ ራሱን ተመትቶ ነበር። ዛሬ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አውጥተው ያስቀምጡታል፤ እናቱን ብቻ ይጠራል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። ባለቤቴ በዚያ ደጅ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

«ትንዳ» አለ በመጨረሻ። «ግን ይህን ነገር ራሷ ላይ ሳታስር ሳይክሉ ላይ ወጣች ሲባል ከሰማሁ፣ ሳይክሉ በዚያው ሳምንት ገበያ ይወጣል። ወድቃም ካገኘኋት እንደዚያው። ነግሬያችኋለሁ!»

ሳይክሉ ተሸጠ ማለት ትምህርቷ ቀረ ማለት ነው። ልጄም ገባት፤ እኔም ገባኝ።

ወንድሜ ሄልሜቱን ሊያስርላት ሲሞክር ችግሩ ከእኔ እጅ ሥራ መጣ። ሹሩባዋን ወደ ላይ ሰብስቤ አናቷ ላይ ቋጥሬው ነበርና፣ ሄልሜቱ ቋጠሮው ላይ ተቀምጦ ወዲያ ወዲህ ይላል። «ይኼማ የማይገጥም ክዳን ሆነ» ብሎ ሳቀብኝ። «እታለም፣ ያልገጠመ ሄልሜት ማድረግ ሰውን ማታለል ነው።» ተናደድኩ። ግን በርጩማዬን አወጣሁ፤ ያን ሁሉ ሹሩባ ፈታሁና ከግንባሯ ወደ ማጅራቷ የሚወርድ ቀጭን አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ልጄ ስትነጫነጭ ዋለች።

ከዚያ ወንድሜ ከነሥርዓቱ አሳየን። ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ይቀራል፤ ግንባር ተራቁቶ መቅረት የለበትም። ማሰሪያው ከጆሮዋ ሥር ይገናኛል። አገጯ ሥር አንድ ጣት ብቻ ያስገባል። ከኋላ ያለችውን ማጥበቂያ እስኪይዝ ማዞር ነው። «በይ አሁን አፍሽን ክፈቺ» አላት። አፏን በሰፊው ስትከፍት ሄልሜቱ አናቷን ወደ ታች ያዝ አደረጋት። «ራስሽን ነቅንቂ።» ነቀነቀች፤ ሄልሜቱ ከራሷ ጋር ሄደ፣ ከራሷ ጋር ተመለሰ።

እማሆይ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና «እስቲ ወዲህ በለው» አሉ። በሁለት እጃቸው መዘኑት። «ይኼ ነው ድንጋይ የሚመክተው? የእንጀራ ሰፌዴ እንኳ ከዚህ ይከብዳል!»

«እማሆይ፣ ውስጡን ያዩታል? ይኼ ነጩ ነገር ሲመታ እሱ ይሰበራል። እሱ ሲሰበር ምቱ ራስ ላይ አይደርስም። አንዴ ከተመታ በኋላ ግን ሥራውን ጨርሷል፤ ይጣላል።»

እማሆይ ነጩን ነገር በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉት። «እሱ ተሰብሮ እሷን ያተርፋታል?» አሉ ቀስ ብለው። «በስመ አብ! ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢሰጠው ነው!» እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ለሌላ ሰው ልጅ ራስ ተጨንቆ፣ የሚሰበር ነገር አስቦ የሠራ፣ ልጄን የማያውቃት ሰው አለ ማለት ነው።

መደነቁ ለእኛ እንጂ ለልጄ አልሆነም። በመጀመሪያው ሳምንት የመንደሩ ልጆች ከጓሮ ከጓሮው ብቅ እያሉ «እማሆይ መጡ! ቆብ ደፉ! ይባርኩን!» እያሉ አሳደዷት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳገኛት ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ራሷ ባዶውን ነው።

«አንቺ! አባትሽ ቢያይሽስ?»

«ይስቁብኛል እማ! ኤሊ ይሉኛል፣ መነኩሲት ይሉኛል! አንቺ ብትሆኚ ታደርጊው ነበር?»

አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ ወረድኩባት። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! የማረኳት እማሆይ ናቸው። ጠሯትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እኔ ይህን ቆብ ስደፋ ያንቺ አባት እንኳ አፍሮብኝ ነበር» አሏት። «ምን አስቸኮላት፣ ገና ወጣት ናት አሉ። ውኃ ስወርድ ሴቶቹ ተጠቃቅሰው ሳቁ። ስቀው ስቀው ሰለቻቸው። ቆቤ ግን ይኸው፣ አናቴ ላይ አለ። አንቺም ቆብሽን ድፊ፣ ልጄ። እኔ በያንዳንዱ ጠዋት በር ላይ እቆምልሻለሁ።»

ቆሙም። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ልጄ ሳይክሉን ይዛ ትመጣና ጎንበስ ትልላቸዋለች። ሁለት ጣታቸውን ከቅንድቧ በላይ ያሳርፋሉ። አንዷን ጣት አገጯ ሥር ይከታሉ። «አፍሽን ክፈቺ» ይሏታል፤ ትከፍታለች። ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ አማትበውባት «ሂጂ» ይሏታል። መነኩሲት እንዲህ አድርገው ሲሸኟት ማን ይስቃል? ጥቂት ቆይቶማ ሕፃናቱ ግማሽ ቅል ራሳቸው ላይ በገመድ እያሰሩ እማሆይ ፊት ይሰለፉ ጀመር። «እማሆይ፣ እኛም አፋችንን እንክፈት?» ሲሉ እማሆይ በሳቅ ይንከተከታሉ፤ የሁሉንም ቅል በሁለት ጣት ይለካሉ።

እኔ አፋፉ ድረስ እሸኛታለሁ። ከዚያ ሆኜ ቁልቁለቱን ስትወርድ አያታለሁ። መጀመሪያ ሰው ናት፤ ቀጥላ ሰማያዊ ነጥብ ናት፤ ከዚያ አቧራው ብቻ ይታያል። እኔ ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ የወረድኩትን፣ ከትምህርት ያስቀረኝን መንገድ ጸሎቴን ሳልጨርስ ትጨርሰዋለች። እንባዬ ይመጣ ነበር፤ ደግሞ እስቃለሁ። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ሊለይላት ነው» ሳይሉኝ አይቀሩም።

በየካቲት እማሆይ አረፉ። ሕመማቸው አጭር ነበር፤ ማንንም አላስቸገሩም። ከቀብር በተመለስን ማግስት ልጄ ምላጭ ይዛ መጣችና በርጩማዬን ራሷ አወጣች።

«እማ፣ ጠጉሬን ላጪኝ።»

«ምን? በዚህ ዘመን ለሐዘን ጠጉሩን የሚላጭ ልጅ የት አየሽ? የድሮ ሴቶች ናቸው እንደዚያ የሚያደርጉት።»

«ለእማሆይ ነው። እሳቸውም ይላጩ አልነበር?»

ጉልበቴ መሀል አስቀመጥኳት። በእጄ የሠራሁት ሹሩባ እየተቆረጠ ቀሚሴ ላይ ወደቀ። ምላጩን በቀስታ አስኬድኩት። ከግንባሯ ጀምሮ ራሷ ብቅ እያለ መጣ።

እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት አድርጌ ልናገረው? ያ ሁሉ ጊዜ በእጄ የነበረ ራስ ነው፤ ሳየው ግን አላውቀውም። ነጣ ያለ ነው፤ ከጆሮዋ ኋላ ስርጉድ ያለች ቦታ አለች፤ ጆሮ ግንዷ ላይ አንዲት ሰማያዊ ሥር ትመታለች። በጠጉሯ ብዛት ትልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ነው፤ በሁለት መዳፌ መሀል ይገባል። መዳፌን አናቷ ላይ አሳረፍኩ፣ ያ ትር ትር ይል የነበረው ቦታ ላይ። ጸጥ ብሏል፤ ጠንክሯል። ሙቀቱ ግን ያው ነው። አልጀብራውም፣ እንግሊዝኛውም፣ እማሆይን መውደዷም እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ቦታ አልተቀመጠም። አቤት የፈጣሪ ሥራ! ምላጩ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው እማ፣ ቆረጥሽኝ እንዴ?»

«ዝም በይ፣ አልቆረጥኩሽም።»

አባቷ ሲገባ ተላጭታ አያት። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና ተመልሶ ወጣ።

ሠልስቱ አለፈና ሰኞ ትምህርቷን ልትቀጥል ተነሣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ በላዩ ሄልሜቱን ደፍታለች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች። ድንጋዩ ባዶ ነው። ጎንበስ ስትል ሄልሜቱ ሸርተት ብሎ አፍንጫዋ ላይ ተቀመጠ።

ለካ ወንድሜም፣ እማሆይም፣ እኔም ስንለካ የከረምነው ከነሹሩባው ነበር! አሁን ሹሩባው የለም። ሰፍቷል፤ ሻሹ ደግሞ ሐር ነው፣ ያንሸራትተዋል።

«ነይ ተመለሺ!»

«በእጄ እይዘዋለሁ እማ፣ ረፍዶብኛል።»

«በአንድ እጅሽ ሄልሜት፣ በአንድ እጅሽ መሪ ይዘሽ ያን ቁልቁለት? ተቀመጪ ብያለሁ!»

አባቷ ከበረት ብቅ አለ። «አድርጋዋለች አይደል እንዴ? ሌላ ምን ቀረ?»

«የቀረውማ ራሷ ነው! ዝም ብለህ ከብትህን ፍታ!» አልኩት። በሐዘን ቤት መጮኼ ነውር ነበር፤ ግን ጮህኩ።

ሻሹን ላወልቅ ስል ልጄ ሙጭጭ አለች። «ጥቁሩን አላወልቅም! ሰው እማሆይን ረሳች ይለኛል!»

«አንገትሽ ላይ እሰሪው። አንገት ላይም ሲሆን ሐዘን ነው።» አለቀሰች፤ ግን ፈታችው። ወንድሜ ትርፍ ናቸው ብሎ የተዋቸውን ወፈር ወፈር ያሉ ስፖንጆች ከሣጥን አውጥቼ ውስጡ ለጠፍኩ። የኋላውን ማጥበቂያ አዞርኩ። ማሰሪያውን በሁለቱም በኩል ሳብኩት። ሁለት ጣቴን ከቅንድቧ በላይ አሳረፍኩ። ያን ጊዜ ሁለታችንም የማንን ጣት እያሰብን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

«አፍሽን...» ብዬ ጀመርኩ። እሷ ግን ሳልጨርሰው ከፈተች። ሄልሜቱ ያዝ አደረጋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ንቅንቅ አላለም። «ሂጂ» አልኳት።

ያን ሳምንት አርብ፣ በገበያ ቀን፣ እኔ ጤፍ ተሸክሜ ከኋላዋ ወጣሁ። አባቷ ቀድሞ ሄዷል። ቁልቁለቱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። አፋፉ ላይ ቆሜ እንደ ልማዴ ሳያት በቀስታ ነው የምትወርደው፤ ደወሏን እየደወለች፣ ሰዎቹም መንገድ እየለቀቁላት። ከፊቷ የባሕር ዛፍ አጣና በጎኑ የተጫነ አንድ አህያ አለ። ደወሉ አስደነገጠው መሰለኝ ድንገት ዞረ፤ አጣናው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። ፍሬን ስትይዝ አየሁ። ጠጠሩ ሲያንሸራትታት አየሁ። ሳይክሉ ቀረና እሷ በላዩ ሄደች። በአናቷ ነው የወደቀችው። ከመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ቋ! ያለው እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ።

ጤፉን የት እንደጣልኩት አላውቅም። እንዴት እንደወረድኩም አላውቅም። ያ ከእናቱ በቀር የማይጠራው ጎረምሳ ነው ፊቴ ላይ የመጣብኝ። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ሰዉን ገፍቼ ስደርስ ልጄ ቁጭ ብላለች። ክንዷ ተልጧል፤ ከንፈሯ ደምቷል። ዓይኗን ተክላ አየችኝ።

«እማ፣» አለችኝ፣ «ሳይክሉ ደኅና ነው? ለአባዬ እንዳትነግሪው። ይሸጠዋል።»

ፊቷ ተንበረከኩ። ማሰሪያውን ፈታሁና ራሷን ዳሰስኩት። ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ጠጉር አልከለከለኝም፤ ሁሉን አገኘሁት። እብጠት የለ፣ ስንጥቅ የለ። አናቷ ላይ፣ በዚያችው በማውቃት ቦታ፣ መዳፌን አሳርፌ ቆየሁ። ሙቅ ነው። ከዚያ ሄልሜቱን ገለበጥኩት። ነጩ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ዓይኗን በመብራት አየች፣ ጠየቀቻት፣ አቁማ አስኬደቻት። ካስመለሳት ወይም ያለ ልማዷ እንቅልፍ ከጣላት ቶሎ እንድመልሳት ነገረችኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለን አባቷ ከእህል ተራ እየሮጠ መጣ። ሰው ነግሮት ነው፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ልጄ ቀደመችው። «አባዬ፣ አትሽጠው! አስሬው ነበር! አህያው ነው የዞረብኝ፣ እውነቴን ነው!»

ሄልሜቱን ከእጄ ወሰደ። አውራ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ፤ ጣቱ ገባ። ስንጥቁን እስከ ጫፉ በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ያንኑ እጁን የተላጨው ራሷ ላይ አኖረና ቀና አለ፤ እንባው ወረደ። በእናቱ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ሰኞ ምን አድርጋ ትሄዳለች?» አለኝ።

ለወንድሜ ደወልን። ሌላ ሄልሜት ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ከተማው ይደርሳል አለ። የተሰነጠቀውን ልጆቹ አንሥተው እንዳያደርጉት ባለቤቴ ማሰሪያውን በቢላ ቆርጦ ጣራ ሥር ሰቀለው።

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ወጡ። እሱ ሳይክሉን እየገፋ ነው፤ እሷ ጥቁር ሻሿን አስራ ከጎኑ በእግሯ ትሄዳለች። አፋፉ ድረስ ሸኘኋቸው። እዚያ በሬ የሚነዳ ጎረቤታችን አገኘንና ሳይክሉንና እሱን አፈራርቆ አየ።

«ምነው ጃል፣ ሳይክሉ ተበላሸ እንዴ?»

«ደኅና ነው» አለው ባለቤቴ፣ እየገፋ። «ቆቧ እስኪመጣ ነው።»